ጳጉሜ ላይ የወደቀው መስመር

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ ጳጉሜን ወር ብሎ መጥራት ይሉኝታ አይመስላችሁም? አምስት ቀን ናት፣ ሲበዛ ስድስት። ደመወዝ የላትም፣ የቤት ኪራይ የላትም። ነሐሴና መስከረም መሃል ሹልክ ብላ ትገባና ፒያሳን በጉም ሸፍና፣ ሰዉን ሁሉ መስኮት ላይ አስደግፋ ስታሳልም ሰንብታ ትሄዳለች። እኔ እወዳታለሁ። ኮምፒውተር ግን አያውቃትም።

የምሠራው አራዳ ውስጥ፣ ደረጃው ሲረግጡት በሚያቃስት አሮጌ ቤት፣ አንድ የሕዝብ ማንበቢያ ክፍል ነው። የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ አስካለ ሰው በገባ ቁጥር በእርሳስ አንድ ሰረዝ ያደርጋሉ፤ እኔ ሰረዙን ቆጥሬ ኮምፒውተር ላይ እሞላለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ አንዲት ቁልፍ ስጫን የአሥራ ሦስቱ ወር መስመር በራሱ ይሳላል። ማክሮ ይሉታል፤ ጡረታ የወጡት ጋሽ ወርቁ የጻፉት ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም፤ ከሠራ ምን ቸገረኝ?

ዘንድሮ ፕሮግራሙ ታደሰ። በእንቁጣጣሽ ማግስት ቁልፏን ብጫን፣ ብጫን፣ ዝም! ከላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቻ። እኔም ደፋሩ ግራፉን በእጄ ሠራሁት። መስመሩ እስከ ነሐሴ ደህና መጥቶ ጳጉሜ ላይ ገደል ገባ። አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን አዩት። «ሰው ማንበብ ትቷል ማለት ነው። ክፍሉን የዕቃ ማከማቻ እናደርገዋለን፤ ነገ እወስናለሁ» አሉ። ወይዘሮ አስካለ እርሳሳቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። አንጀቴን በሉት።

በነጋታው በጠዋት ጋሽ ወርቁን ከማኪያቷቸው ላይ አስነስቼ አመጣኋቸው። ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ጠቅ አድርገው፣ ታች ከተሸጎጠች ትንሽ ሳጥን እገዳውን አነሱ።

«አዲሱ ፕሮግራም ዘበኛ ነው፤ የማያውቀውን አያስገባም» አሉኝ።

ቁልፏን ተጫንኩ። መስመሩ ጳጉሜን ቀና ብሎ ተሻገረ።

«ምን አድርገውት ነው?»

«አንተ ልጅ፣ የአምስት ቀን ሰው ከሠላሳ ቀን ሰው ጋር ይነጻጸራል እንዴ? ማክሮው በቀን ስንት ሰው እንደገባ ነው የሚያወጣው።»

ለካ ክፍሉን ላስዘጋው የነበርኩት እኔው ነኝ!

ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ግራፍ አገላብጠው አዩ። «እንዲያውም ከነሐሴ ይበልጣል! በሉ ይቀጥል» ብለው ፈረሙ። ወይዘሮ አስካለ እርሳሳቸውን ከቦርሳቸው አወጡ።

እኔ ግን ሕሊና የሚሉት ነገር ቆረቆረኝና ጠጋ ብዬ፣ «እትዬ አስካለ፣ የጳጉሜው ሰው ግማሹ እኮ ዝናብ ሸሽቶ ነው የገባው» አልኳቸው።

«ዝም በል! አንተስ በምን ነበር የገባኸው?»

እውነታቸውን ነው። በልጅነቴ፣ አንድ የጳጉሜ ከሰዓት፣ ውሃ እየተንጠባጠብኩ በዚያ በር ስገባ እሳቸው ቀና ብለው አይተውኝ አንድ ሰረዝ አደረጉ። እኔም እስኪያባራ ብዬ መስኮቱ ሥር አንድ መጽሐፍ ገለጥኩ።

እስካሁን አላባራም።