ሊቀ መንበሩና የእኛ ወገብ

በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ዕቅድ አውጪ አለ። አንደኛው ያወጣውን ዕቅድ ራሱ ይፈጽማል ይባላል፤ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። ሁለተኛው ዕቅድ ያወጣና ሌላ ሰው ይፈጽምለታል። ይህኛው በየሰፈሩ አይጠፋም፤ የእኛ ሕንፃ ግን አለቃቸውን ታድሏል።

ሊቀ መንበር እንላቸዋለን። ከሕንፃው ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ ይሰፋሉ። መንበራቸው ከስፌት መኪናቸው ኋላ ያለች፣ ትራስ የተነጠፈባት ወንበር ናት። ጠዋት የተቀመጡባትን ማታ ነው የሚለቋት። እስከዚያ የሚንቀሳቀሱት እጃቸውና አፋቸው ብቻ ናቸው።

ልብስ ሰፊነት ደግሞ ለጤና ዕቅድ የተመቸ ሙያ ነው፤ የጎረቤቱ ወገብ ሁሉ በእጃቸው ያልፋል። አንድ ቀን የጠበበኝን ሱሪ ላሰፋ ሄድኩ። ሜትራቸውን ወገቤ ላይ አዞሩና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ወንድሜ፣ አንተም እንደኔ ሆነሃል» አሉ።

«ምን ሆንኩ ጋሼ?»

«ተስፋፍተሃል። ይህን ሱሪ አላሰፋውም። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሜዳውን እንዞራለን። እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ አንተ ምስክሬ ነህ።»

«ከነገ ጀምሮ» እና «ምስክሬ ነህ» ሊቀ መንበሩ የሚተዳደሩባቸው ሁለት አንቀጾች ናቸው። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። የእሳቸውና የእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው። ብከፍት ክቡርነታቸው በነጠላ ጫማ ቆመዋል።

«አንተ ቀደም በል» አሉኝ፣ «ጫማዬን አድርጌ እደርስብሃለሁ።»

እስከ ዛሬ እየደረሱብኝ ነው። አንዴ ከወጣሁ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ከሕንፃው ጀርባ ያለውን ሜዳ ዞርኩ። በማግስቱም ዞርኩ። ቀስ በቀስ ለመድኩት፤ ሱሪውም ሳይሰፋ ልኬ ሆነ።

የስኳሩ ምስክር ባለቤታቸው ነበሩ። «ከነገ ጀምሮ በዚህ ቤት ሻይ ያለ ስኳር ነው» ተብሎ ታወጀ፣ እትዬም የምራቸውን ተዉ። ሊቀ መንበሩ ግን ስኳራቸውን ይዘው ወደ ስፌት ክፍላቸው ተሰደዱ። እኔ ለሸሚዜ አዝራር ስፈልግ አንዱ ቆርቆሮ ውስጥ እጄን ብከት ስኳር ነካሁ። «እሱ የነጭ አዝራር ነው፣ ክደነው» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ።

የሲጋራው ነገር ይባስ። የሕንፃውን ዘበኛ ጠርተው፣ «ከነገ ጀምሮ ሁለታችንም እናቆማለን። ይህን ፓኬት በአደራ ያዝልኝ፤ ብለምንህም እንዳትሰጠኝ» አሉት። ዘበኛው አደራ በላ ከሚባል ቢሞት የሚመርጥ ሰው ነው። የሰው ሲጋራ እየጠበቁ የራስን ማጨስ አሳፈረውና በዚያው ተወ። ሊቀ መንበሩስ? ከጥጉ ሱቅ አንድ አንድ ፍሬ እየገዙ ከስፌት መኪናቸው ኋላ ያጨሳሉ።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት አንተ ነህ» ይሏቸዋል እትዬ።

«ማማሰልም ሙያ ነው» ይላሉ እሳቸው።

ታዲያ በቅርቡ ሊቀ መንበሩ ዝም አሉ። እኔ ያው ሱሪ ሰፍቶኝ ላስጠብበው ሄጄ ነበር። ሜትሩን አዞሩ፣ በኖራ ምልክት አደረጉ፣ «እሺ» አሉ። ሌላ ነገር የለም፤ «ከነገ ጀምሮ» የለ፣ «አየህ አይደል?» የለ።

እትዬን ደረጃው ላይ አግኝቼ ጠየቅኋቸው። ሐኪም ቤት ሄደው ነበር። ደም ግፊታቸው ከፍ ብሏል፣ ልባቸውም ደክሟል፤ ሐኪሙ ተንቀሳቀስ፣ ሲጋራውንም ተው ብሏቸዋል።

«ፈርቶ ነው» አሉ እትዬ። «ሲያወራው የኖረው ነገር እውነት ሲሆን አፉ ተያዘ። ማታ ማታ ዝም ብሎ ግድግዳ ያያል።»

እኔም ፈራሁ። እኚያን ሰውዬ እንደምወዳቸው እስከዚያ ቀን ድረስ ለራሴም ነግሬው አላውቅም ነበር። በማግስቱ አብረን እንውጣ ብዬ ለመንኳቸው። «እኔ አሁን ምን እሆናለሁ ብለህ ነው፤ አንተ ሂድ» አሉኝ። ዘበኛውም ለመነ፣ እምቢ አሉ። መከራ እስኪመክራቸው መጠበቅ ደግሞ አንጀታችን አልቻለም። በመጨረሻ መላው የመጣው ከእትዬ ነው።

«መለመኑን ተዉት» አሉን። «እናንተ ስነፉ።»

እኔም ሰነፍኩ። ቤቴ ተኝቼ ቀረሁ። እትዬ ቁርስ ላይ፣ «ያ ጎረቤትህ መራመድ ተወ መሰለኝ፤ ቦርጩ ሊመለስ ነው» ብለው ጣል አደረጉ። ዘበኛውም በበኩሉ ስፌት ክፍላቸው ጎራ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ያቺ ፓኬት ፈተነችኝ» አላቸው። ሊቀ መንበሩ ከመንበራቸው ተነሱ። «አደራዬን መልስ» ብለው ተቀበሉትና ፓኬቷን ከነሙሉ ሲጋራዋ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሏት። ከዚያ ወዲህ ዘበኛው ያየኛል ብለው ወደ ጥጉ ሱቅ ብቅ አላሉም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ሊቀ መንበሩ ናቸው፣ በሙሉ ጫማ።

«ከእንግዲህ አንተን ማመን የለም» አሉኝ። «አጠገብህ ሆኜ እቆጣጠርሃለሁ።»

ያን ቀን የተቆጣጠሩኝ እስከ ሜዳው አጋማሽ ነው፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። አሁን ሙሉውን እየዞሩ ይቆጣጠሩኛል። ሐኪሙም ግፊቱ ወረድ ማለቱን ነግሯቸዋል። የአዝራሩን ቆርቆሮ ገና አልደፈርነውም፤ ሁሉም በጊዜው ነው።

እኔ አሁን ከእሳቸው ቀድሜ እነሳለሁ። ለብሼ፣ የጫማዬን ክር አስሬ ከበሩ ኋላ እቀመጣለሁ። ሲያንኳኩ ዝም እላለሁ። ደግመው ሲያንኳኩና «አንተ ሰነፍ!» ሲሉ ፀጉሬን አመሰቃቅልና እያዛጋሁ እከፍታለሁ። ተዘጋጅቼ የጠበቅኳቸው እንደሆነ ተቆጣጣሪው ሥራ ፈት ይሆናላ።

ዛሬ ጠዋት ግን ዓይናቸው ወደ እግሬ ወረደና ክሩ ላይ ቆየ።

«ጫማህን አድርገህ ነው እንዴ የምትተኛው?»

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ ስንፍና ነው። ማታ ማውለቁ አቃተኝ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጥቂት አዩኝ፣ ጢማቸው ሥር ፈገግታ ቢጤ መጣና ጠፋ።

«ከነገ ጀምሮ አውልቀህ ተኛ» አሉና ቀድመውኝ ወጡ። እኔም ልደርስባቸው ተከተልኩ።