የጋሽ ተበዳይ መዝገቦች

በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም ሰፈር ውሃ ሊጠፋ ይችላል፤ መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ከሳሽ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ሌላው ሰው ዳቦ ለመግዛት ማልዶ ሲነሳ እሱ ፖሊስ ጣቢያ ለመድረስ ማልዶ ይነሳል። ጎረቤቱ ቢስቅ "በእኔ ነው የሚስቀው" ይላል፤ ቢያለቅስ "እንቅልፍ ነሳኝ" ይላል፤ ዝም ቢል "ንቆኝ ነው" ይላል። የእናንተን ሰፈር ከሳሽ እናንተ ታውቁታላችሁ። የእኛው ክቡር ጋሽ ተበዳይ ነበሩ።

ስሙን ያወጣላቸው ፖሊስ ጣቢያው ነው። ከሳሽ መዝገብ ላይ "የግል ተበዳይ" ተብሎ ይጻፋል። እሳቸው ከመመዝገባቸው ብዛት ስማቸው ተረስቶ ማዕረጋቸው ብቻ ቀረ። ፖስታ ቤት ይሠሩ ነበር። ኮታቸው በሙቀትም በዝናብም ከላያቸው አይወርድም፤ የደረት ኪሱ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ ተሰክቷል። አንዱ የራሳቸው ነው፤ ሌላው "እስክሪብቶ የለኝም" ለሚል ፖሊስ የተዘጋጀ።

"በቃል አልነጋገርም፤ ይመዝገብልኝ" ይላሉ ገና ከበሩ።

ልብስ ሰፊው ጎረቤታቸው ቤቱ ላይ አንድ ክፍል ጨምሮ ሲሠራ፣ የክፍሉ ጥላ ያለ ፈቃድ ግቢያቸው ገባብኝ ብለው ከሰሱ።

"ጋሼ፣ ጥላ እንዴት ይከሰሳል?" አላቸው ተረኛው ፖሊስ።

"ጥላውን አልከሰስኩም፤ ባለቤቱን ነው። ጥላውማ ምን ያድርግ፣ ያሳደገው ነው ጥፋተኛው።"

ማዶ የምትኖረው መበለት አውራ ዶሮዋ ገና ሳይነጋ ስለሚጮህ ተከሰሰች። ክሱ የድምፅ ረብሻ እንዳይመስላችሁ። ለሕዝብ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ነበር። የእኛ የልጆቹ ኳስ አጥራቸውን ዘላ በገባችበት ቀን ደግሞ ኤግዚቢት ሆና ጣቢያ ታሰረች። ከሰዓት በኋላ ፖሊሶቹ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሲጫወቱባት በአጥሩ ቀዳዳ እናይ ነበር። አንድ ጊዜ ሰፈሩ ሳምንቱን ሙሉ ሰላም ቢሆንባቸው ጊዜ ጣቢያ ሄደው፣ "እስካሁን ማንም አልበደለኝም፤ አንድ ነገር እየተዶለተ ነው" ብለው አስመዘገቡ።

ፍጻሜው ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር። ጎረቤት ተሰብስቦ ቤታቸው ይሄዳል፤ ይለመናሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ስለ ሕግ የበላይነት ረዥም ንግግር ያደርጋሉ፤ በመጨረሻም ተከሳሹን ስመው ይቅር ይላሉ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ይቅርታቸውን ሊያስመዘግቡ ጣቢያ ይሄዳሉ። አንድ ነገር ግን ልመስክርላቸው። የታረቁበትን ጉዳይ ደግመው አንስተው አያውቁም። አዲስ ይፈልጋሉ እንጂ።

ያ ሰፈር ዛሬ የለም። ሰፊ መንገድ ወጣበትና ሰዉ በየአቅጣጫው ወደየፎቁ ተበተነ። እናቴም ብዙ አልቆየች፤ አዲሱ ቤት ገብታ ሳትለምደው ሞተች። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው የተማርኩትና ባለፈው ዓመት ስለ ከተማዋ የድሮ ወንጀሎች ልጽፍ አስቤ የፖሊስ መምሪያው መዝገብ ቤት ሄድኩ። ስማቸው የተፈራ ሌቦች፣ ባንክ የሰበሩ ጀግኖች ፍለጋ ነው የሄድኩት። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ በመስኮቱ የመንገደኛ እግር ብቻ ይታያል። ኃላፊዋ ሳጅን ከደንብ ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባ፣ በብስክሌት መንፊያ የመዝገቦቹን አቧራ እየነፋች ተቀበለችኝ።

"የየት ጣቢያ?"

የሰፈራችንን ጣቢያ ነገርኳት። አንድ ሙሉ መደርደሪያ አሳየችኝ። በሲባጎ የታሰሩትን አንድ በአንድ ስፈታ ባንክ የሰበረ የለም፤ ጀግና የለም። ከላይ እስከ ታች ጋሽ ተበዳይ ናቸው።

ተናድጄ ልዘጋው ነበር። ግን የልብስ ሰፊው ጥላ እዚያ አለ፣ ከነርዝመቱ። የመበለቷ ዶሮ ከነቀለሙ አለ። የትኛው በር ሲከፈት ሲጢጥ እንደሚል፣ የማን ልጅ ከማን ቅጥር ላይ እንደወደቀ፣ ሁሉም ተጽፏል። መንገዱ የበላው ሰፈር በሙሉ ተከሶ ተቀምጧል። ከዚያ አንዱን ስገልጥ እናቴን አገኘኋት።

"ተከሳሿ በየማለዳው ልብስ ስታጥብ ትዘፍናለች። የግል ተበዳይ መዝፈኗን አይቃወሙም። የሚቃወሙት ዘፈኑን ግማሽ ላይ ማቋረጧን ነው። ቀሪውን ሲጠብቁ ሻያቸው ይቀዘቅዛል። የተከሳሿ ቃል፦ ቀሪውን አላውቀውም።"

የእናቴ ፎቶ አለኝ። በፎቶው ውስጥ ግን ለማንም መልስ አትሰጥም። ሳጅኗ ቀና ብላ አየችኝና ውሃ አቀረበችልኝ።

"በጊዜ መጡ፤ ወሩ ሲያልቅ ይወገዳሉ" አለችኝ።

"ይወገዳሉ ማለት?"

"በማሽን ይከተፋሉ። ቦታ የለንም። በእርቅ የተዘጋ መዝገብ እንዳይቀመጥ ታዟል። ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው፤ ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱ።"

"የማይወገደውስ የትኛው ነው?"

"ያልተዘጋው። ከሳሽ ወይ ተከሳሽ መጥቶ እርቁ ፈርሷል ካለ መዝገቡ እንደገና ይከፈታል። ለዚህ ብሎ የመጣ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ማን ያበደ አለ?"

ጋሽ ተበዳይን ፈልጌ ልጃቸው ቤት አገኘኋቸው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ። ልጃቸው በር ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እዚህ ማንም ማንንም አያውቅም። አባባ የሚከሰው አጥቶ ሊፍቱን ሊከስ ሞክሮ ነበር" አለችኝ።

የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"ታርቄያለሁ" አሉ።

"ጋሼ፣ ለይስሙላ ነው፤ አንድ ፊርማ ብቻ…"

"ስማ ልጄ። ከሰው ተጣልቼ አውቃለሁ። እርቅ አፍርሼ ግን አላውቅም። ይከተፍ።"

ይከተፍ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጀርባቸው ብቻ ይታየኝ ነበር፤ ኮቱ ሰፍቷቸዋል።

ከሳሽ እምቢ ካለ ተከሳሾች አሉ። ስልክ መደወል ጀመርኩ። ልብስ ሰፊው ጉዳዩን እንኳ ሳያስጨርሰኝ፣ "ያ ሰውዬ አለ እንዴ?" አለኝ።

"አሉ።"

"ተመስገን። ልንገርህ፣ ያ የጥላው ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የት ነው የሚፈረመው?"

በቀጠሯችን ቀን ምድር ቤቱ ኮሪደር ሞላ። ኳስ ተጫዋቾቹ መጡ፤ አንዱ መላጣ ሆኗል፣ አንዱ ጥርስ ሐኪም። መበለቲቱ በልጇ ተደግፋ መጣች።

"እኔ ያኔ የታረቅኩት ከልቤ አይደለም" አለች ለሳጅኗ። "ዶሮዬን ብዬ ነው።"

"ዶሮው በሕይወት አለ?"

"ዘሮቹ አሉ።"

ሳጅኗ ጻፈች። ተራዬ ደረሰ።

"እርስዎስ?"

"የሟች ተከሳሽ ወራሽ ነኝ።"

"ሟች ታርቀው ነበር?"

"ታርቃ ነበር። እኔ ግን አልታረቅኩም።"

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ፤ ከዚያ ይህንንም ጻፈች።

ለጋሽ ተበዳይ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መጥሪያ ደረሳቸው። እርቁ ፈርሷል ባዮቹ እኛ ነንና ተከሳሽ ይላል። ጫማቸውን አስጠርገው መጡ። ኮሪደሩ ላይ የተደረደርነውን ሲያዩ ቆሙ።

"ይህ ሁሉ ሰው በእኔ ላይ?"

"ምን ታፈጣለህ?" አላቸው ልብስ ሰፊው። "አልታረቅንህም።"

"ምን አጥፍቼ?"

"ያላጠፋኸው ይቀላል።"

ሳጅኗ ሥርዓቱ እንደሚያዘው ጠየቀቻቸው፤ "ከእነዚህ ሰዎች ጋር ለመታረቅ ፈቃደኛ ነዎት?"

ሁላችንንም በየተራ አዩን። እኔ ላይ ትንሽ ቆዩ።

"እርቁን ያፈረሱት እነሱ ናቸው፤ ይህ ግልጽ ይሁን።"

"ግልጽ ነው።"

"እንግዲያው አልታረቅም" አሉ፤ ደረታቸውን ነፍተው። ልብስ ሰፊው ወደ ግድግዳው ዞሮ ተናፈጠ።

መዝገቦቹ ከመክተፊያው ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ሳጅኗ ቀጠሮ ትሰጠናለች፤ እንቀርባለን፤ እንደማንታረቅ እናረጋግጣለን፤ ሌላ ቀጠሮ ይሰጠናል። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበሩን ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ስለ ልጅ ይወራል፣ ስለ ሪህ ይወራል። ጋሽ ተበዳይ ተከሳሽ ስለሆኑ ለብቻቸው ወንበር ላይ ይቀመጡና ከዚያ ሆነው ጨዋታውን ያርማሉ።

ባለፈው ቀጠሮ ቀሩ።

ሳጅኗ ስማቸውን ጠራች፤ ደግማ ጠራች። ማንም አልቀለደም። ልብስ ሰፊው ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ፣ "ሰውየው ታረቀን እንዴ?" አለ። ሞታቸውን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። መበለቲቱ ቀድማ ተነሳች።

ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበርና አራቱን ፎቅ በእግራችን ወጣን፤ መበለቲቱን ጥርስ ሐኪሙና መላጣው በሁለት በኩል ይዘው። አንኳኳን። ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ተበዳይ ከኮታቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው፣ አፍንጫቸው ቀልቶ ቆመዋል። ጉንፋን ነው። እያለከለክን በረንዳውን የሞላነውን አንድ በአንድ አዩን።

"ያለ መጥሪያ ሰው ቤት አይመጣም" አሉ። በሩን ግን እንደተከፈተ ትተው፣ ወንበር ሊያመጡ ወደ ውስጥ ገቡ።