አማቴ፣ የጥላ አበባዬና የጋሽ በላቸው በግ

ወገን፣ ዛሬ የደረሰብኝን ከመስማታችሁ በፊት አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ። መጀመሪያ ትናደዱልኛላችሁ፣ ከዛ ትስቃላችሁ። በዚሁ ቅደም ተከተል!

እኔና ባሌ ሰለሞን፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው የምንኖረው። በራችን ላይ፣ በእኛና በቀጣዩ ብሎክ መሃል፣ ፀሐይ ረግጣት የማታውቅ ቁራጭ መሬት አለች። ሳር ተከልን፣ ሞተ። ጽጌረዳ ተከልን፣ ገርጥታ ገርጥታ ሞተች። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ።

ከዛ አንድ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ሰውዬ፣ "ይሄ ጥላ ነው የሚወደው። መሬት ለመሬት እየተሳበ ያለብስልሻል" አለኝ። ስሙን ብጠይቀው "የጥላ አበባ" አለ። በቃ፣ የጥላ አበባ!

እንደ ልጅ ነው ያሳደግኩት። አፈሩን ቆፍሬ፣ የበሰበሰ ቅጠል ቀላቅዬ፣ የተሳበውን ጫፍ በጠጠር ተጭኜ፣ ሥር እስኪያወጣ ጠብቄ። በዚህ ሳምንት አበበ! ትንንሽ ሰማያዊ አበባ፣ ያንን ጨለማ ቦታ አበራው። ፎቶውን እዚሁ ለጥፌ ላይክ አድርጋችሁልኛል፣ አትካዱ።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ መሬቱ ባዶ።

ባዶ!

ተነቅሎ፣ ተጠርጎ፣ ውሃ ሁሉ ተርከፍክፎበታል።

ማን እንደሆነ ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም። ፎቅ ላይ ያሉት ጡረተኛው ጋሽ በላቸው! "ይሄ ቅጠል እባብ ይጠራል" እያሉ ስንት ጊዜ ጨቅጭቀውኛል። ማስረጃም አለኝ! ለበዓል የገዙት በግ ደረጃው ሥር ታስሮ የእኔን አበባ ያኝካል። አንዷ ሰማያዊ አበባ ከንፈሩ ላይ ተንጠልጥላለች!

ቦርሳዬን ወረወርኩ።

"ጋሽ በላቸው! ይውረዱ!"

ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከላይ ብቅ አሉ። "ልጄ፣ እስቲ ስሚኝ..."

ማን ሊሰማ? "ይሄን ያደረገ ሰው ምቀኛ ነው! አበባና አረም የማይለይ ደነዝ ነው!"

ብሎኩ በሙሉ ወጣ። አንዷ ጎረቤቴ ስልኳን አውጥታ ትቀርጸኛለች። ካሜራ ሳይ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ!

ያኔ ከኋላዬ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

"እኔ ነኝ፣ ልጄ።"

ዞርኩ። አማቴ! የሰለሞን እናት፣ እማማ ዘነበች። ትናንት ነው ከደብረ ብርሃን የመጡት። ከሰርጋችን ወዲህ ቤታችን ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሰለሞን ስንት ለምኖ ነው ያመጣቸው! እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው።

"አረም ወርሶሽ አየሁና አጸዳሁልሽ። ለበጉ ሰጥቼ፣ በቦታው የጎመን ዘር ዘራሁልሽ።" ድምፃቸው ቀጠነ። "ደነዝ መሆኔን አላወቅኩም ነበር።"

በጉ ብቻ ያኝካል።

ጋሽ በላቸው ከላይ፣ "ልነግርሽ ስል መቼ ፋታ ሰጠሽኝ?"

እማማ ገብተው ልብሳቸውን መሸከፍ ጀመሩ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። እምቢ! "እርስዎን እኮ አይደለም፣ ጋሽ በላቸውን ነው የሰደብኩት" አልኳቸው። ብልጠቴን አያችሁልኝ?

"እሳቸውስ የሰው አባት አይደሉም?" አሉኝ።

ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። ብሎካችን ላይ አማቴ ሊሰሟቸው የሚችሉት ትልቅ ሰው ማን ናቸው? አዎ። እሳቸው!

ደረጃውን እንደ ተቀጣ ተማሪ ወጣሁ።

"ምቀኛ ሰው ደግሞ ያስታርቃል እንዴ?" አሉ ጋሽ በላቸው፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ።

"በሞቴ፣ ጋሽ በላቸው!"

"ደነዝስ?"

እየደሰኮሩ፣ እየተደሰቱ፣ ስድቤን አንድ በአንድ አስዋጡኝ! ግን ወረዱ። እማማ አጠገብ ተቀመጡና፣ "ለፍታበት ስለነበር ነው ያበደችው። እኔም ጠዋት ጠዋት ከላይ ሆኜ አየው ነበር። ደስ ይል ነበር" አሏቸው።

ደስ ይል ነበር?! እባቡስ?! ተነቅሎ በበግ ሆድ ከገባ በኋላ ነው የሚነገረኝ?

እማማ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "ማበቡንስ አይቻለሁ። አረምም እኮ ያብባል፣ ልጄ።"

እዚህ ላይ ንዴቴ እጄ ላይ ሞተ። ሴትዮዋ ጠዋት ተነስተው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ለእኔ ብለው ነው የቆፈሩት። አቀፍኳቸው። ከነጭቃቸው አቀፉኝ። የሥራ ሸሚዜ ነጭ ነበር።

ሰለሞን ሲገባ ገና ከበሩ ስንነግረው፣ "ውይ! የእማዬ ጎመን!" ብሎ በደስታ ዘለለ። ይሄ ሰውዬ በአበባዬ አንድ ቀን "ውይ" ብሎ አያውቅም!

አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጎመን ፀሐይ ይፈልጋል። እዛ ቦታ ይቀጥናል፣ ይገረጣል፣ ይሞታል። እኔ አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። እማማ ግን ሻንጣቸውን ፈትተው፣ "ጎመኑ እስኪደርስ እቆያለሁ" ብለዋል።

እስቲ ከመሃላችሁ መጥቶ የሚነግራቸው ደፋር ማነው?