የጋሽ ቅድም ሳል

ሦስት ሰዎች ተገናኝተው «ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገት እንውጣ» ካሉ፣ አራተኛው ሳይጠራ የሚመጣ አንድ ሰው ነው፤ እናንተ ያላያችሁትን ሁሉ ያየ ሰው። የትም ብትሄዱ አታጡትም። ባርኔጣው ከፀሐይ ብዛት የራሱን ቀለም ረስቷል፤ ዱላው ከቁመቱ ይበልጣል፤ ሩቅ የሚያሳየው መነጽሩ አንገቱ ላይ እንደ ሜዳልያ ይወዛወዛል። ድኩላ አይቷል። ጉጉት አይቷል። ጃርት ከነቤተሰቧ አይቷል። እናንተ ግን ምንጊዜም ጥቂት ዘግይታችኋል። ይህን ሲነግራችሁም መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ «ቅድም እኮ ነበረች።»

የዚህ ሰፈር የእግረኞች ቡድንም የራሱ አለው። መታወቂያቸው ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፤ ዳገቱ ላይ ግን ክቡር ሊቀ ጥሻ ጋሽ ቅድም ናቸው። በሥራ ቀን ከዳቦ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ሱቅ ሰዓት ይጠግናሉ፤ ለዚህም ይሆናል የሰውን መዘግየት በግምት የማይናገሩት። «ሁለት ደቂቃ» ይላሉ። «ሁለት ደቂቃ ብትቀድሙ ኖሮ ዓይን ለዓይን ነበር የምትተያዩት።»

ቡድኑ ሁለት የቆዩ ሕጎች አሉት። መሪው ከሁሉም ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ብቻውን ይሄዳል፤ መንገዱ መናድ አለመናዱን፣ ወንዙ መሙላት አለመሙላቱን አይቶ እጁን ያነሳል፤ ሌላው ይከተላል። ሁለተኛው ሕግ የመዝገቡ ነው፤ ሁለት ሰው አብሮ ያላየው አውሬ አይጻፍም። ቀድመው የሚሄዱት ደግሞ ጋሽ ቅድም ብቻቸውን ናቸውና፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ካዩት ድኩላና ጉጉት አንዱም መዝገብ አልገባም።

መዝገቡን የምትይዘው ፋርማሲስቷ ናት። ይህች ሴት ሐኪም የጻፈውን እንኳ ሁለቴ ሳታነብ፣ ወረቀቱንም ወደ መብራት ሳታነሳ መድኃኒት አትሰጥም። «ደህና ነኝ» ያላትን ሰው «ከመቼ ጀምሮ?» ብላ ትጠይቃለች። ጋሽ ቅድምን አንድም ቀን አምናቸው አታውቅም።

ጥርጣሬው የባሰባት በክረምት ነው። ጭቃው «ሳትቀምሱማ አትሄዱም» እንደሚል ባለቤት እግር ይዞ አልለቅ ይላል፤ ጉሙ ከሸለቆው እየተነሳ የዛፎቹን አናት እንደ እናት እጅ ይዳብሳል። ጋሽ ቅድም ከመታጠፊያው ማዶ ሆነው እጃቸውን አነሱ። ሌላው ሲደርስ ድኩላ የለም፤ ውሃ ገና እየሞላው ያለ ኮቴ ግን አለ። ሁሉም ተንበርክኮ ኮቴውን አደነቀ። ፋርማሲስቷ የምታየው የጋሽ ቅድምን የዱላ ጫፍ ነበር። ኮቴ በዱላም ይሠራል።

ጥቢ መጣ፤ ሣሩ ወገብ ደረሰ፣ ሜዳው ዓመት ሙሉ የደበቀውን አበባ በአንድ ሳምንት አወጣው። እሳቸው ጉጉት አዩ፤ ቡድኑ ላባ አየ። በጋ ገባ፤ ቅጠሉ ከእግር በታች እንደ ደረቅ ዳቦ ተሰባበረ። እሳቸው ጃርት አዩ፤ ቡድኑ አንዲት እሾህ አገኘ። ፋርማሲስቷ እሾኋን በክኒን ከረጢት ከታ ቀኑን ጻፈችባት፤ ከኪሳቸው አውጥተው የጣሏት እንዳትሆን ጠርጥራለችና።

ቡድኑ ሲወርድ መዝፈን ልማዱ ነው። ያን ሰሞን በየቁልቁለቱ የሚዘፈነው ይህ ነበር፤

ጋሽ ቅድም ያዩትን እኛ መች አየነው፣
ኮቴውን ስመን ነው ሁሌ የተለየነው።

ከሁሉም አብልጠው የሚያጨበጭቡት ራሳቸው ጋሽ ቅድም ናቸው። ይህም አጠራጠራት። ውሸታም የተባለ ሰው ይቆጣል እንጂ ያጨበጭባል?

ከሁሉ በላይ ያጠራጠራት ግን ሳላቸው ነው። መታጠፊያ ጋ ደርሰው ከዓይን ሊሰወሩ ሲሉ፣ ሸለቆው የሚያስተጋባው ሳል ይስላሉ። በመጀመሪያ እንደ ሙያዋ አዘነችላቸውና አንድ ጠርሙስ የሳል ሽሮፕ ሰጠቻቸው። አመስግነው ተቀበሉ። ከወር በኋላ የቆመ ሰዓቷን ይዛ ሱቃቸው ሄደች። ጠርሙሱ ከግድግዳ ሰዓቶቹ ሥር ክዳኑ ሳይነካ ቆሟል። ሰዓቷ እስኪጠገን አጠገባቸው ተቀመጠች። በዙሪያቸው ሃያ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እሳቸው አንዴም አልሳሉም። ቅዳሜ ብቻ፣ ዳገት ላይ ብቻ፣ መታጠፊያ ጋ ብቻ የሚነሳ ሳል! እንዲህ ያለ በሽታ በተማረችበት ሁሉ አልሰማችም።

በበልግ መግቢያ ከቡድኑ አንዱ፣ ኢንጂነሩ፣ ስብሰባ ጠራ። ኢንጂነሩ ድሮን ገዝቷል፤ ድሮን የገዛ ሰው ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። መዝገቡን ገልጦ፣ ዓመቱን ሙሉ የተጻፈው ሁለት ላምና የዘበኛው ውሻ መሆኑን አነበበላቸው። መሪነቱን ለእሱ ቢሰጡት ከላይ እያየ፣ ጥሻ ለጥሻ እየገባ፣ አውሬውን ሁሉ በየስልካቸው እንደሚያሳያቸው ቃል ገባ። ሠላሳው የቡድኑ ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ቅድም ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል ያዙ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከሱቃቸውና ከዳገቱ ሌላ መሄጃ እንደሌላቸው የማያውቅ አልነበረምና፣ አንድ የመጨረሻ ዕድል ተሰጣቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፋርማሲስቷ አብራቸው ትቀድማለች። ሁለቱም አንድ ነገር ካዩ መሪነቱ ይጸናላቸዋል፤ ካላዩ ዱላውን ያስረክባሉ።

«አንቺን የመረጥንሽ ማንንም ስለማታምኚ ነው» አላት ኢንጂነሩ። እንደ ምስጋና ተቀበለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ካፊያው እንዳባራ ሁለቱ ቀድመው ወጡ። ከትልቁ አለት በታች ካለው መታጠፊያ ሲደርሱ ጋሽ ቅድም ቆሙ፤ ደረታቸውን ነፉ፤ ሊስሉ ነው።

«ጋሼ» አለች ክንዳቸውን ይዛ፤ «ዛሬ እንኳ አይሳሉ።»

አዩአት። ከዚያ ሳላቸውን እንደ መራራ ክኒን ዋጡት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በዱላ ሳይሆን በአገጫቸው ወደ አለቱ ሥር አመለከቷት።

ቀበሮ ናት። በጎኗ ተጋድማለች። የካፊያው ጠብታ ከጠጉሯ ላይ ገና አልደረቀም፤ የማለዳ ፀሐይ ጠብታዎቹን አንድ በአንድ እየለየች ታበራቸዋለች። ሦስት ግልገሎች አሏት። ሁለቱ ይጠባሉ፤ ሦስተኛው የእናቱን ጅራት ሊያሸንፍ ይታገላል። ፋርማሲስቷ ማዘዣ እንደምታነብ ሁለቴ አየች። ሦስተኛ ጊዜ ያየችው ግን ለማረጋገጥ አልነበረም።

ጎንበስ ስትል ኪሷ ውስጥ ያለችው የጃርት እሾህ ከረጢቱን በስታ ወጋቻት።

«ሁሉም እውነት ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ታዲያ ሳሉስ?»

«ማንኳኳት ነዋ» አሉ። «ሰው ቤት ሳያንኳኩ ይገባል?»

ዓይናቸውን ከቀበሮዋ ሳያነሱ ጨመሩ። «ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እዚህችው ቦታ ዕንቁላል የታቀፈች ጉጉት ለቡድኑ አሳየኋቸው። አንድም ሰው ድንጋይ አልወረወረም፣ ልጄ። ሁላችንም ጨዋዎች ነበርን። ተራ ይዘን ነው ያየናት። መዝገቡ ላይ አለች፤ አሥራ ሁለት ፊርማ ተፈርሞባታል። በማግስቱ ብቻዬን መጣሁ፤ እናቲቱ የለችም። ዕንቁላሎቹን ዳሰስኳቸው። ቀዝቅዘዋል።»

ከበስተኋላቸው የጫማ ኮሽታና ሳቅ ተሰማ፤ ከሁሉም በላይ የኢንጂነሩ ድምፅ። ሁለቷ ደቂቃ እያለቀች ነው።

«እንግዲህ መዝገቡ ያንቺ ነው» አሉ ጋሽ ቅድም። «እንዳየሽው ጻፊ። አልቀየምሽም።»

ፋርማሲስቷ አሰበች። ያየችውን ብትጽፍ፣ ሠላሳ ጨዋ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚህ ተራ ይይዛል። አላየሁም ብትል ዱላው ለኢንጂነሩ፣ ጥሻው ለድሮኑ ሊሆን ነው። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ሳለች፤ ለጀማሪ ግሩም ሳል ነበር። ቀበሮዋ ጆሮዋን አቀናች፤ አንዱን ግልገል በአፏ አንጠልጥላ፣ ሁለቱን አስከትላ ከአለቱ ሥር ወደ ጉድጓዷ ገባች። ከጅራቷ ጋር ሲታገል የነበረው የመጨረሻው ሆነ።

ሠላሳው ሰው እያለከለከ ደረሰ። ፋርማሲስቷ መዝገቡን ገልጣ ሳትቸኩል ጻፈች፤ «ቀበሮ፣ አንዲት፤ ወደ ወንዙ ማዶ ስትሮጥ።» በሕይወቷ የሰጠችው የመጀመሪያው የተሳሳተ መድኃኒት ይህ ነው። ፈረመች። ጋሽ ቅድምም ፈረሙ።

«ቅድም እኮ ነበረች» አለች ድምጿን እንደ መርዶ ነጋሪ ዝቅ አድርጋ፣ ለአለቱ ጀርባዋን ሰጥታ ክንዷን ወደ ወንዙ ማዶ እየዘረጋች። «ሁለት ደቂቃ ብትቀድሙ ኖሮ።»

ኢንጂነሩ ማዶውን አየ፤ እሷን አየ፤ ፊርማዎቹን አየ።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽማ» አለ።

ማንንም የማታምን ሴት ስትዋሽ የሚጠረጥራት የለም። ድሮኑ ያን በልግ ሙሉ ከወንዙ ማዶ ሲዞር ከረመ፤ ቀረጸ የተባለውም አንድ አህያ ነው።

ዱላው ከጋሽ ቅድም እጅ አልወጣም። ሕጉም ትንሽ ተሻሻለ፤ ከዚያ ወዲህ ቀድመው የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ክረምቱ ተመልሶ ጭቃው እግር መያዝ በጀመረበት ቅዳሜ፣ ከመታጠፊያው ማዶ ሁለት ሳል ተከታትሎ ተሰማ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ እንደ አቀንቃኝና ተቀባይ።

«ደግሞ አንቺንም ያዘሽ?» አላት ኢንጂነሩ ሲደርስባት። «ሱቅሽ ሙሉ ሽሮፕ አይደለም እንዴ?»

«ሽሮፕ የሚያድነው አይደለም» አለች ፋርማሲስቷ፣ ጫማዋን እያሰረች። «ከጋሼ ተጋብቶብኝ ነው።»