ዶክተር ሙንተሰር እና ሁለተኛው ገምጋሚ

ወሬ በሚደምቅበት ሰፈር ሁሉ ወሬውን የሚያደርቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው በመገረም አፉን ሲይዝ፣ እሱ መነጽሩን ገፋ አድርጎ «ማስረጃው የታለ?» ይላል። በየመኗ የወደብ ከተማ በዓደን፣ በሼኽ ዑስማን ወረዳ፣ በቃሂራ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ዶክተር ሙንተሰር ነበሩ። ሚስታቸው ሻይማ ግን «እሱ» ነው የምትላቸው፤ እኛም እሷን እንከተል።

ድሬዳዋ ተወልዶ ዓደን ያደገው ሙንተሰር በዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ለውጥ ፖሊሲ ያስተምራል። ትምህርቱ ግን በር ላይ አያበቃም። በሀሽሚ ገበያ ዓሣ ሻጩ ሀይሰም «ዛሬ ጠዋት የተያዘ ነው፣ ወላሂ!» ሲለው፣ «መሐላ ማስረጃ አይደለም፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ» ይልና የዓሣውን ዓይን በጣቱ ጫን እያደረገ እንደ ሐኪም ይመረምራል። የሻይማን እህት ኸውላን ለማጨት የመጡ ሽማግሌዎች «ልጃችን ትዕግሥተኛ ነው» ቢሉ፣ «በምን ተለካ?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሻይማ በክርኗ ጎሸመችው። አብሯቸው የመጣው ሙሽራ ግን አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ እንጂ አልተቆጣም፤ ኸውላ እስከ ዛሬ «ይኸው ትዕግሥቱ ያኔ ተለካልኝ» ትላለች።

ይህ ሰው ለዓመታት አንድ ጽሑፍ ሲጽፍ ኖረ። ለባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚዘጋጀው የአየር ንብረት ዕቅድ ስለሚመጣው የባሕር ከፍታ ብዙ ይናገራል፤ መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ ስለሚቀቀለው ሰው ግን አንድ ቃል የለውም። «ባሕሩ እስኪደርስብን ሙቀቱ ይጨርሰናል» ይላት ነበር ሻይማን። ዕቅዱ እየተከለሰ ስለነበር ሐሳቡን ይዞ አርቃቂዎቹ ዘንድ ሄደ። «በታወቀ ጆርናል ካልወጣ አናየውም» አሉት። እሱም ጽሑፉን ውጭ አገር ላለ ጆርናል ላከ።

መልሱ መጣ። ጆርናሉ ጽሑፉን ካስነበባቸው፣ ስማቸው ከማይነገር ሁለት ገምጋሚዎች አንደኛው አመስግኖታል። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «ጸሐፊው መብራት ሲጠፋ የቃሂራ ቤቶች ከደጁ የባሰ እንደሚሞቁ፣ የሁጀይፍ የወደብ ሠራተኞችም ቀትር ላይ ሥራ እንደሚያቆሙ ይነግረናል። ማስረጃው የታለ?»

ሻይማ ሳቋን መያዝ አቃታት። «አልሐምዱሊላህ! የጠፋ ወንድምህን አገኘኸው!»

«እኔ እዚሁ እኖራለሁ እኮ፣ ሻይማ! ላቤ ማስረጃ አይደለም?» አለና የራሱን ቃል ራሱ ሰማው። ቀኑን ሙሉ አኮረፈ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ቀስ ብሎ፣ «ሰውየው ልክ ነው» አላት፤ ወጣና ቴርሞሜትሮች ገዝቶ ተመለሰ። በየቤቱ ሰቅሎ በጋውን ሙሉ ሊለካ ነው።

ሰፈሩ ይህን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል። «ዶክተር መሆንህን በምን ላውቅ?» አለው ሀይሰም ክንዱን አጣምሮ። «ማስረጃ!» ዓደን በእንግሊዝ ስትገዛ እዚያው ከሐበሻ ቤተሰብ የተወለዱት ጎረቤታቸው እትዬ ላቀች ደግሞ ደጃፋቸው ላይ አቆሙት።

«ባለፈው ዓመት ሙቀቱ በረታ ስልህ፣ ‹ይሄ ስሜት ነው› ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ፣ እትዬ ላቀች።»

«እህ! ዛሬ ስሜቴ ተፈለገ?» በሩንም ከፈቱለት። «በል ግባ። ፋኑ አጠገብ ነው የምትሰቅለው?»

«የለም፣ ፋኑ ሲጠፋ ያለው ሙቀት ነው የሚፈለገው።»

የብዙ ቤት ጓዳ ለእሱ ስለማይከፈት ሻይማ ቴርሞሜትሩን ይዛ ሴቶቹ ዘንድ ገባች፤ አነባበቡንም አስተማረቻቸው። ሀይሰም በበኩሉ ወንድሞቹ ወደሚሠሩበት ሁጀይፍ ይዞት እየሄደ፣ ከወደብ ሠራተኞቹ ጋር አስቀመጠው። ሙንተሰር በቀትር ፀሐይ ከእነሱ ጋር ጥላ እየተሻማ ሥራ የሚያቆሙበትን ሰዓት ጻፈ። ማታ ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ጨው ሠርቶ ስታየው፣ ሻይማ መቀለዷን ተወች።

ሙቀቱ በባሰበት ሰሞን አንድ ቀትር ላይ ሁለቱም ንባብ ሊወስዱ እትዬ ላቀች ቤት ሲገቡ፣ አሮጊቷ ወለሉ ላይ ወድቀው አገኟቸው። መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ሙንተሰር በጀርባው አዝሏቸው በደረጃው ሮጠ። ሻይማ ጫማውን ይዛ ተከተለችው፤ ባዶ እግሩን በጋለው አስፋልት ላይ መሮጡን እንኳ አላወቀም። ክሊኒክ ደርሰው ግሉኮስ ሲተከልላቸው፣ እትዬ ላቀች ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ስንት ይላል?» አሉት በደከመ ድምፅ።

«ምኑ?»

«ዕቃህ ነዋ።»

«አላየሁትም፣ እትዬ» አለ፤ እንባውም መጣ። እንዲህ ሆኖ ሻይማ አይታው አታውቅም። በጽሑፉ ግርጌ ማስታወሻ ላይ የዚያን ቀን ንባብ እንደጎደለ፣ ምክንያቱም የቤቱ ባለቤት መታመማቸው እንደሆነ ተጽፏል። ሁለተኛው ገምጋሚ ስለዚህ ምንም አላለም።

ጽሑፉ ወጣ። አርቃቂዎቹም አዩት፤ በአዲሱ ረቂቅ ውስጥ ስለ ቤት ውስጥ ሙቀትና ስለ መብራት አንድ ምዕራፍ ገባ። እትዬ ላቀች ድነው፣ ዓደንን ያዳኑት እሳቸው እንደሆኑ ለሰፈሩ አስረዱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ጆርናል ለሙንተሰር የሌላ ሰው ጽሑፍ ላከለት፤ ገምግምልን ብሎ። ሻይማ ለማታውቀው ጸሐፊ ዱዓ አደረገች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሻሂ ይዛ ስትገባ ጽፎ ሊጨርስ ነበር።

«ምን አልከው?»

«ስለ አንድ ሞቃት ወደብ ነው የጻፈው። ጥሩ ነው፤ ግን ማስረጃ ይጎድለዋል።»

«ሚስኪን!»

«እንዴት እንደሚሰበስብ ነገርኩት።» በትከሻው ላይ አሻግራ አየች፤ ምክሩ ከሰውየው ጽሑፍ ይረዝማል። ሙንተሰር ተነሥቶ ቴርሞሜትሮቹን በጋዜጣ ይጠቀልል ጀመር።

«ለማን ነው?»

«ለጸሐፊው ነዋ። ስሙን አልነገሩኝም፤ ለገምጋሚ አይነገርም። የጆርናሉ አዘጋጅ ያደርሱልኝ እንደሆን እጠይቃለሁ።»

ሻይማ ሻሂውን አስቀመጠች። «እንዲህማ ይሰበራል፣ አንተ ሰው» አለችና ከእጁ ተቀበለችው፤ የዒድ ሻሾቿን ከቁም ሳጥን አውጥታም አንድ በአንድ ትጠቀልልለት ጀመር።