የእትዬ ዓለምጸሐይ ቅባት

ሳልችል መጻፌን ይቅር በሉኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል ብገድፍ አትሳቁብኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማፍር ነው በወረቀት የማወራው።

ሐኪም ሳይሆን መድኃኒት የሚያዝ ሰው የሌለበት ግቢ አርባ ምንጭ ውስጥ ካለ አሳዩኝ፤ ዛሬውኑ ገብቼ እከራያለሁ። የኛዋ ክብርት ሐኪም እትዬ ዓለምጸሐይ ናቸው። ቦርሳቸው ውስጥ እንደ ጥርስ ሳሙና የምትጨመቅ፣ ጀርም የምትገድል ቅባት አለች። ስታልቅ ሌላ ይገዛሉ። «ማን አዘዘልዎ?» ሲባሉ «እኔ ነኛ!» ይላሉ።

የባጃጅ ሹፌሩ ኤርጫፎ አንገቱ ላይ ጭርት ወጣበት፤ ተቀባ። ጎረቤታችን ሀብተሚካኤል ጢሙን ሲላጭ ቆረጠው፤ ተቀባ። ካምባ ላለችው የአክስታቸው ልጅ እንኳ ጨመቅ አድርገው፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው በመኪና ልከዋል። ለሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ «ነካ ነካ አድርግና ሻል ሲልህ ተው። ለሌላ ሰው ይተርፋል።»

እኔ ጫሞ ዳር ዓሣ እበልታለሁ። እጄ ከውሃ ስለማይወጣ ችፌ አለብኝ፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በተመለሰ ቁጥር እትዬ ከች! «ነይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ እጅሽን!» እምቢ ማለት አልችልም። ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀባሁ፣ ተውኩ፤ ተቀባሁ፣ ተውኩ። ኧረ በፈጣሪ!

ዘንድሮ እጄ መግል ያዘ። ቅባቷ ምንም አላደረገችው። አሠሪዬ «ይሄ ሳይደርቅ ዓሣ እንዳትነኪ» አለኝ። የምበላው ከዚያው ነው።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ቁስሉን በጥጥ ጠርጎ ለምርመራ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ ጠራኝ።

«ጀርሙ ቅባቷን ለምዷታል፤ አይሞትላትም። ትንሽ ትንሽ እየቀባሽ አንቺው ነሽ ያለማመድሽው። ችፌው ደግሞ ሌላ ሕክምና ነው የሚፈልገው። ለመሆኑ ማን አዘዘልሽ?»

መሬት መሬት አየሁ። ሌላ መድኃኒት ሰጥቶ እጄን በፋሻ ጠቀለለው።

ስመለስ ለእትዬ ነገርኳቸው።

«ይቺ ቅባት? ስንቱን ያዳነች!» ብለው ጮኹ። «ያ ልጅ ትናንት የተመረቀ ነው፣ ምን ያውቃል?»

«ስንቱን አዳነች፤ ጀርሙንም አስተማረችው» አልኩ። ለትልቅ ሰው መልስ ስሰጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀሚሳቸውን ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ አደረጉ። እግራቸው አብጧል፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ ውሃ ያዣል። ችፌ ነው፤ የኔን የሚያስንቅ።

«እርስዎ ታዲያ ለምን አልተቀቡም?»

«ላንቺ እንዳያልቅብሽ ብዬ ነዋ!»

ስንት ቀን ያጠራቀምኩት ንዴት የት እንደገባ እንጃ።

በነጋታው ጠዋት በኤርጫፎ ባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ፣ ከጎናችን ያለች ሴት ክንዷን አከከች። የእትዬ እጅ ወደ ቦርሳቸው ሄደ። በደህናው እጄ ያዝኩት። ስማቸው እስኪጠራ አልለቀቅኩም።