ጉልበት ለመሳም ወገብ ያስፈልጋል

ጤነኛ ወገብ እንደ ጨዋ ጎረቤት ነው፤ መኖሩ አይታወቅም። ሰው ወገብ እንዳለው የሚያውቀው ያመመው ዕለት ነው። ቋንቋችን ግን ነገሩን ከሐኪሞች ቀድሞ የተረዳው ይመስለኛል። ክፉ ወሬ የሰማ ሰው «ወገቤን ቆረጠኝ» ይላል እንጂ ጉበቴን ወይም ሳንባዬን ሲል ሰምታችሁ አታውቁም። ለሥራ የተነሳም ሰው የሚታጠቀው ወገቡን ነው።

እስቲ አንድ ቀን ውሏችሁን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ጠዋት ከቤት ስትወጡ ለጎረቤት እጅ ትነሳላችሁ፤ ይሄ ወገብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ትሳለማላችሁ፤ ወገብ ነው። ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብላችሁ «ኖር!» ትላላችሁ፣ እሱም «በእግዜር!» ብሎ ይቀመጣል፤ አሁንም ወገብ ነው። የእኛ አገር ጨዋነት ከአፍ የተሠራ ይመስለን ይሆናል እንጂ ተጠርቦ የወጣው ከወገብ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ያለው ሐኪም ፊልሙን ወደ መብራቱ ቀና አድርጎ አይቶ፣ «ዲስክዎ ተንሸራቷል፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር መጎንበስ፣ መሸከም፣ መጠማዘዝ፣ ድንገት ብድግ ማለት የለም» ሲለኝ፣ ሦስት ወር ባለጌ ሆነህ ክረም ያለኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

እኔ ሰቆጣ ከተማ ማር የምነግድ ሰው ነኝ። ከአጎራባቾቹ ወረዳዎች፣ ከጋዝጊብላም ከዝቋላም የሚመጣውን ማር እቀበላለሁ፤ ከአህያ አወርዳለሁ፣ መኪና ላይ እጭናለሁ። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይላል ያገሬ ሰው። ማር ሲሸከሙ ምን እንደሚናገሩ ግን ሳይነግረን አለፈ። እኔ የምናገረውን የሰማች ባለቤቴ ትርንጎ፣ «ይሄ የቄስ ልጅ አፍ ነው?» ትለኝ ነበር። የቄስ ልጅ መሆኔ እውነት ነው። አባቴ ጋዝጊብላ ውስጥ ባለች የገጠር ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቀድሱ የኖሩ ካህን ናቸው። እግሬ ደንዝዞ ጫማዬ ሲወልቅ እንኳ የማላውቅ ባልሆን ኖሮ፣ እኔም ወገቤን በወጌሻና በቅባት እየሸነገልኩ እኖር ነበር።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ተቆረጠ፤ ከጥምቀት በኋላ። የማገገሚያውን ዝግጅት ትርንጎ ያዘችው፤ እሷ ደግሞ ነገር ከያዘች አትለቅም። አልጋው አጠረ ብላ አናጢ አስመጥታ እግሩን አስረዘመችው። ሬዲዮኑ፣ ዳዊቴ፣ ኩባያዬ፣ ሳሙናው ሳይቀር ከጉልበት በታች የነበረ ዕቃ ሁሉ ወደ ደረት ወጣ። ቤታችን ጎርፍ የሚጠብቅ ቤት መሰለ። የአንዱን ወንበር መሐል አስቆርጣ ለመጸዳጃ አዘጋጀችና «ዙፋንህ» አለችኝ። እኔም አጎንብሼ ላመሰግናት ስል ወገቤ ጮኸ።

የቀረን አንድ ችግር ነበር፤ ጠያቂ። ሰቆጣ ሰው ታሞ ብቻውን አይተኛም። ጠያቂ ይመጣል፤ ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ እኔ ብድግ እላለሁ። ማሰብ የለበትም፤ ሲያስነጥስህ እንደ ማስነጠስ ነው። ስለዚህ ልምምድ ጀመርን። ትርንጎ ወደ ውጭ ትወጣና ሌላ ሰው ሆና ትመለሳለች። ነጠላዋን እንደ ጥምጥም ጠምጥማ የደብሩ አለቃ ትሆናለች፤ እኔ ብድግ። ምርኩዝ ይዛ እያሳለች ትገባለች፤ ብድግ። «ትርንጎ ነኝ እኮ!» ትላለች። አውቃለሁ፤ ግን ጥምጥሙ አይደል የሚያስነሳው?

በመጨረሻ ዘዴ አገኘች። በሰፌድ ሙሉ ያልተለቀመ ምስር አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠች። ከተነሳሁ ይደፋል። ከተደፋ ደግሞ እኔ አጎንብሼ መልቀም ስለማልችል የምትለቅመው እሷ ናት፤ እሷ ስትለቅም የምትናገረውን የምሰማው ደግሞ እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወለላችን ላይ ምስር ያልበቀለው ዝናብ ስላልነበረ ብቻ ነው። ቀስ በቀስ ግን ቂጤ ከወንበሩ ጋር ተስማማ። «ኖር!» በአፍ፣ ወገብ በቦታው።

በዚህ ልምምድ ላይ እያለን አባቴ መጡ። እኔ ልሄድ ብል መንገዱ ወገቤን እንዳይጨርሰው ብለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ከደብራቸው እስከ መኪና መንገድ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ ተንገላተው። በእኛ ቤት ሩቅ መንገድ የሚሄድ ልጅ ጉልበታቸውን ሳይስም አይወጣም። ፋሲካም ቢሆን በሬው ከመታረዱ በፊት ጉልበታቸው ይሳማል። በሩ ላይ ረጅም ቁመታቸውን ሳይ ምስሩንም ሐኪሙንም ረሳሁ። ሰፌዱ ወለል ላይ ነጎደ፣ እኔም ግማሽ መንገድ ላይ ተቀስፌ ቀረሁ።

«በእግዜር፣ በእግዜር! ተቀመጥ አንተ!» ብለው ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ። ከዚያ ወለሉን አይተው፣ «ይሄ ምስር ምንድነው?» አሉ። ትርንጎ እያፈረች ስትነግራቸው አባቴ ሳቁ። በጣም የሚስቁ ሰው አልነበሩም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና ከምራታቸው ጋር ምስሩን መልቀም ጀመሩ፤ ትርንጎ «ኧረ አባቴ፣ ኧረ በማርያም!» ብትል ማን ሰምቷት።

ሊሄዱ ሲነሱ መስቀላቸውን አሳለሙኝ፣ መረቁኝ። እኔ ግን ጉልበታቸውን ልስም ፈለግሁ። ሞከርኩ፤ ወገቤ ከግማሽ በታች አልወርድም አለ። ሁለተኛ ልሞክር ስል እጃቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉ።

«ተው ልጄ። ጉልበቴ የት ይሄዳል? ድነህ ትስመዋለህ።»

አባቴ ካህን ናቸው፤ ውሸት ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

ቀዶ ሕክምናውን ባጭሩ ላሳልፈው። ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ በመሐል ወገቤን ከፍተው ዘጉት። ከባሕር ዳር ሰቆጣ ፍራሽ በተነጠፈበት መኪና ስመለስ ኮረኮንቹን ድንጋይ በድንጋይ አወቅሁት። እግሬ ግን መደንዘዙን ተወ። ረጅሙ አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ጣራውን እያየሁ፣ ወደ ፋሲካ አሰብኩ። ሦስቱ ወር የሚያልቀው በዚያው ሰሞን ነው። ጋዝጊብላ እሄዳለሁ፣ ተንበርክኬ ጉልበታቸውን እስማለሁ። በሽተኛ አንድ የሚሄድበት ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ የእኔ ያ ነበር። የአባቴ ጠበልም በየገበያው ቀን ይመጣልኛል፤ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ ክዳኑን ስለማያምኑት አፉ በአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ተጠቅልሎ በክር ታስሮ።

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን አንድ ጠዋት ስነቃ ትርንጎ የለችም። በምትኩ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ትርንጎስ እትዬ?»

«ጋዝጊብላ ወጣች» አሉ። ዓይናቸው መሬት መሬት አየ። «ሠርግ ተጠርታ።»

በዐቢይ ጾም ሠርግ! የቄስ ልጅ ነኝ እኮ። እትዬ ብርቄም ዕድሜያቸውን ሙሉ ጾም ያልፈቱ ሴት ናቸው። ቃሉ ከአፋቸው እንደ ወጣ ሁለታችንም ሰማነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔም «ደግ ነው፤ ይቅናቸው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጠያቂው በዛ። ከጋዝጊብላ ሳይቀር እየመጣ ግቢው ይሞላል፤ ለአንድ ወገብ ይህ ሁሉ ሰው? ጓሮ ሆነው በኽምጥኛ ይንሾካሾካሉ፤ ኽምጥኛ የእናቴ ቋንቋ መሆኑን የረሱት ይመስል። ድምፃቸውን ስላሳነሱት ቃሉ አይሰማኝም፤ ዜማው ግን የሠርግ አልነበረም። ወደ እኔ ሲገቡ ፊታቸውን አስተካክለው «እንዴት ነው ወገብህ?» ይሉኛል። እኔም ሰፌዴን ጭኔ ላይ ይዤ «ኖር!» እላለሁ፤ ሳልነሳ። ዐርባው በሚሞላበት ሰሞን ትርንጎ እንደገና ጠፋች። እትዬ ብርቄ ያንን ሠርጋቸውን አልተዉትም፤ «መልስ ጠርተዋት ነው» አሉኝ።

ለምን እንደደበቁኝ አልጠፋኝም። በእኛ አገር በሽተኛ መርዶ አይረዳም። አባቱን የተረዳ ልጅ ደግሞ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ደረቱን ይመታል፣ ራሱን ከመሬት ያላትማል። ያለዚያማ ምን አዘነ ይባላል? ለማልቀስም ወገብ ያስፈልጋል፤ የእኔ ደግሞ ገና በክር የተያዘ ነበር። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ተማክሮ ሐዘኑን አቆይቶልኛል፤ ወገቤ ሲደርስ ሊያስረክበኝ።

እኔስ ለምን ዝም አልኩ? ያንን ሁሉ ድካማቸውን ላፈርስባቸው አልፈለግሁም፤ አንዱ ይሄ ነው። እውነቱን ካላችሁኝ ግን ሌላ ነው። ማንም አፉን ሞልቶ «አባትህ አረፉ» እስካላለኝ ድረስ፣ አባቴ ጋዝጊብላ ናቸው፤ ጉልበታቸውም የትም አልሄደም። ጠበሉም ቢሆን አልቆመም። በየገበያው ቀን ሃይላንዱ ይመጣል፤ አፉ ግን በክዳኑ ብቻ ተዘግቶ። የጋቢው ቁራጭ የለም፣ ክሩ የለም። ትርንጎ ትሰጠኛለች፣ እኔ «እግዜር ይስጥልኝ በያቸው» ብዬ እጠጣለሁ።

በጀርባው የተኛ ሰው እንባው ወደ ጉንጩ አይወርድም። ወደ ጆሮው ነው የሚሄደው። እናንተ አታውቁት ይሆናል፤ አያሳውቃችሁ። ትርንጎ ጠዋት ጠዋት በጥጥ ጆሮዬን ትጠርግልኛለች። «ላበህ» ትላለች። እኔም «ሞቀኝ» እላለሁ። የሰቆጣ ብርድ ምስክር ነው።

ፋሲካ ደረሰ። ያን ቀን በየዓመቱ መጀመሪያ የምጠይቀው አባቴን ነበር፤ የዚያን ዓመት ግን ሳልጠይቅ ዋልኩ። ትርንጎ ስለ እሳቸው ያዘጋጀችው መልስ እንዳላት ከፊቷ ያስታውቃል፤ ጠበቀችኝ። አልጠየቅኋትም። ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ ከዚያ «ወጡ በረደ» አለችና ተነሳች።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሐኪሙ በስልክ የምችለውንና የማልችለውን ሁሉ ጠይቆ «አሁን ቀስ ብለው መጎንበስ ይችላሉ» አለኝ። ትርንጎ አጠገቤ ሆና ሰማች። በማግሥቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ቀድመው የገቡት የእድር ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከኋላ ከጋዝጊብላ የመጡ ዘመዶች፣ ከሁሉም ኋላ እትዬ ብርቄ። አንዳቸውም ስለ ወገቤ አልጠየቁኝም።

«ኖር!» አልኩና ብድግ አልኩ፤ በሙሉ ቁመቴ። ምስሩ ተደፋ። ትርንጎ አልተቆጣችም። ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታችው። ፀጉሯ ከሥሩ ተቆርጧል፤ ተቆርጦም ዳግመኛ መብቀል ጀምሯል። ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን በሻሽ ሸፍና ስታዝንልኝ ከርማለች። ሽማግሌዎቹ የሚሉትን አሉ፤ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። እኔን ሊይዙኝ በግራና በቀኝ ተዘጋጅተው ነበር፤ እንዳልወድቅ። አልወደቅሁም። አለቅሳለሁ ብዬ አፌን ስከፍት የሚወጣ ነገር ጠፋ፤ ሁሉም በጆሮዬ አልቆ ኖሯል። አንዲት ዘመዴ በኋላ «ሐኪሞቹ ምኑን ነው የቆረጡት?» አለች አሉ። አልፈርድባትም።

በሳምንቱ ጋዝጊብላ ወጣን፣ እኔና ትርንጎ። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ዙሪያው በድንጋይ ተከቦ፣ አፈሩ ገና ከፍ ብሎ ነበር። ሐኪሙ እንዳስተማረኝ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ተንበረከክሁ። ከዚያ ጎንበስ አልኩ። ወገቤ ምንም አላለም። ጉልበታቸው ይሆናል ያልኩት ቦታ ላይ ከንፈሬን ላሳርፍ ስል ትርንጎ ከኋላዬ ተናገረች።

«ትንሽ ከፍ በል። እሱ ጋ እግራቸው ነው። ሲያስገቧቸው ቆሜ ነበር።»

በጉልበቴ እየዳህኩ ከፍ አልኩ። «እዚህ?»

«ትንሽ ጨምር፤ ረጅም አልነበሩ?» ጨመርኩ። «አዎ፣ እዚያ ጋ።»

ሳምኩ። ከዚያ ለመነሳት ብሞክር አቃተኝ፤ ትርንጎ በብብቴ ይዛ አነሳችኝ። ወገቤ ደህና ነበር።